ተመራጩ ያስመዘገበውን ማን ያነበዋል?

አንድ የከተማ ምክር ቤት ስብሰባ ላይ ነው እንበል። አጀንዳው አሰልቺ ነው፤ ከከተማው ዳር ያለ የእርሻ መሬት ለመኖሪያ ቤት ግንባታ ይፈቀድ ወይስ አይፈቀድ የሚል። ዘጠኝ አባላት አሉ። አምስቱ ደገፉ፣ አራቱ ተቃወሙ፣ ውሳኔው አለፈ። ለመታዘብ የመጡት ሦስት አራት ሰዎችም ወደየቤታቸው ሄዱ። ብዙም ሳይቆይ የዚያ አካባቢ መሬት ዋጋው ተሰቀለ። ከደገፉት ከአምስቱ አንዱ ደግሞ እዚያው አጠገብ በሚስቱ ስም መሬት አለው።

ሰውየው ሌባ ነው? ላይሆን ይችላል። መሬቱን ሚስቱ ከአባቷ ወርሳው ይሆናል። እሱም ድምፁን ከልቡ አምኖበት ሰጥቶ ይሆናል። ችግሩ ሌላ ነው። አዳራሹ ውስጥ የነበረ አንድም ሰው ስለ መሬቱ አያውቅም። ቢያውቁ ኖሮ ቢያንስ "አንተ በዚህ ጉዳይ ድምፅ አትስጥ" የሚል ይገኝ ነበር።

ተመራጮች ንብረታቸውን፣ የገቢ ምንጫቸውንና ስጦታቸውን እንዲያሳውቁ የሚያስገድዱ ሕጎች የወጡት ይህን ክፍተት ለመድፈን ነው። ሕጉ በብዙ አገር አለ። ግን ተመራጩ ፎርሙን ሞላ፣ ፈረመ፣ አስገባ። ከዚያስ? ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበት ይቀራል ወይስ ጎረቤቱ ሊያነበው ይችላል? የነገሩ ፍሬ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

በተለይ በአካባቢ ደረጃ። ሚኒስትርን ወይም የፓርላማ አባልን ቢያንስ ጋዜጠኛ ይከታተለዋል፣ ተቃዋሚ ፓርቲ ያጠምደዋል። የትንሽ ከተማ የምክር ቤት አባል ግን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ሥልጣኑ ትንሽ ይምሰል እንጂ በቀጥታ ከገንዘብ ጋር የተያያዘ ነው፦ የመሬት አጠቃቀም፣ የግንባታ ፈቃድ፣ የመንገድ ጥገና ጨረታ፣ የቆሻሻ ማንሳት ውል። በዚያ ላይ ብዙዎቹ የሙሉ ጊዜ ፖለቲከኛ አይደሉም። ቀን ሱቅ ይከፍታሉ፣ ቤት ያሻሽጣሉ፣ ግንባታ ይሠራሉ፤ ማታ ስብሰባ ይገባሉ። ስለዚህ የግል ጥቅምና የሕዝብ ሥራ ፊት ለፊት የሚጋጠሙበት አጋጣሚ ከሚኒስትሩ ይልቅ እነሱ ዘንድ ይበዛል።

የተባበሩት መንግሥታት የፀረ ሙስና ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2003 ሲጸድቅ አንቀጽ 8 ላይ ይህን ጉዳይ አንስቷል። አገሮች የሕዝብ ባለሥልጣናት ተጨማሪ ሥራቸውን፣ ኢንቨስትመንታቸውን፣ ንብረታቸውንና ትልልቅ ስጦታዎችን እንዲያሳውቁ ለማድረግ ይጥራሉ ይላል። ለማን? "ለሚመለከተው አካል"። ሕዝብ የሚል ነገር እዚያ ቦታ የለም። ይቺን ክፍተት ብዙ መንግሥታት ወደዋታል። አሳውቁ ተባለ፣ አሳወቅን፤ ሕዝቡ ግን አያይም።

ልዩነቱ ደግሞ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ አንድ ጥናት በ175 አገሮች የፓርላማ አባላት ምን እንደሚያሳውቁ አነጻጽሯል። ወደ ሁለት ሦስተኛው የሚጠጉት አገሮች የማሳወቅ ሕግ አላቸው። ለሕዝብ ክፍት ያደረጉት ግን ከአንድ ሦስተኛ በታች ናቸው። የተሻለ አስተዳደርና የቀነሰ ሙስና አብሮት የታየው ለሕዝብ ክፍት የሆነው ምዝገባ ነው። ለፓርላማው ብቻ የሚገባው ላይ እንዲህ ያለ ግንኙነት አልታየም። አንዱ የሌላው መንስኤ ነው ማለት አይደለም፤ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ የሚባል ነገር አይደለም።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት አንድ መለየት ያለበት ነገር አለ። ምዝገባ ሁለት ዓይነት ነው፤ ሰው ሁለቱን ሲያምታታ ፎርሙን አንብቦ የተሳሳተ ነገር ይረዳል።

አንደኛው ሀብት የሚለካ ነው። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" የሚለው ተረት ላሳደገው ሰው የተዘጋጀ ነው ማለት ይቻላል። ሲሾም ምን ነበረው፣ ሲለቅ ምን አለው፣ በመካከል ደመወዙ ስንት ነበር? ቁጥሩ ካልገጠመ ይጠየቃል። የኢትዮጵያው የሀብት ማሳወቅና ማስመዝገብ አዋጅ ቁጥር 668/2002 በዋናነት ከዚህ ወገን ነው። ሕንድም እንዲሁ። እዚያ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 እና በ2003 በሰጣቸው ውሳኔዎች ምክንያት ለምርጫ የሚወዳደር ሰው ሁሉ ሀብቱንና ዕዳውን በመሐላ ጽፎ ያስገባል፣ ጽሑፉም ለሕዝብ ይወጣል። ክፍት በመሆኑ ተመራማሪዎች ቁጥሮቹን ለቅመው ለክልል ምክር ቤት ተወዳድረው ያሸነፉትንና ለጥቂት የተሸነፉትን አነጻጸሩ። የአሸናፊዎቹ ሀብት ከተሸናፊዎቹ ይልቅ በዓመት በአማካይ ከ3 እስከ 5 በመቶ ፈጥኖ አድጎ ተገኘ። ሰነዱ መሳቢያ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ይህን ማንም አያውቅም ነበር።

ሁለተኛው ሀብት አይለካም። የሚፈልገው ጥቅሙ የት የት እንዳለ ብቻ ነው። የእንግሊዝ የአካባቢ ምክር ቤቶች አሠራር ጥሩ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ሕግ የምክር ቤት አባል ሥራ በጀመረ በ28 ቀን ውስጥ ጥቅሙን እንዲያስመዘግብ ያዛል። ሥራውን፣ ከምክር ቤቱ ጋር ያለውን ውል፣ በምክር ቤቱ ክልል ውስጥ ያለውን መሬት፣ እዚያ አካባቢ በሚሠራ ድርጅት ውስጥ ያለውን ከፍ ያለ የአክሲዮን ድርሻ። የትዳር አጋሩም፣ እሱ እስካወቀ ድረስ፣ እንደ ራሱ ይቆጠራል። ቤቱ ስንት ያወጣል? አይጠየቅም። ባንክ ስንት አለው? እሱም አይጠየቅም። የሚጠየቀው መሬቱ የት ነው የሚለው ነው። አጀንዳው መሬቱን የሚነካ ከሆነ ልዩ ፈቃድ ካልተሰጠው በቀር በውይይቱ አይሳተፍም፣ ድምፅም አይሰጥም። አውቆ ከደበቀ ወይም ከተሳተፈ ወንጀል ነው፤ ፍርድ ቤት ከቅጣቱ ሌላ እስከ 5 ዓመት ከምክር ቤት አባልነት ሊያግደው ይችላል።

መዝገቡን የሚይዘው "ሞኒተሪንግ ኦፊሰር" የሚባል የምክር ቤቱ ሠራተኛ ነው። በአካል ሄዶ ማየት ይቻላል፤ ድረ ገጽ ላይም ይወጣል። የትንንሽ መንደሮች ምክር ቤቶችም ሳይቀሩ በዚሁ ይገዛሉ። የነሱን መዝገብ በላያቸው ያለው የወረዳ ምክር ቤት ይይዝላቸዋል።

አሁን አንድ ፎርም ቀረብ ብለን እንይ። የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ግዛት "ፎርም 700" የሚባል አለ። መነሻው ሕዝቡ እ.ኤ.አ. በ1974 በቀጥታ ድምፅ ያጸደቀው የፖለቲካ ማሻሻያ ሕግ ነው። ከንቲባውም የከተማ ምክር ቤት አባሉም ይሞሉታል፤ ሥራ ሲጀምሩ፣ ከዚያ በየዓመቱ፣ በመጨረሻ ሲለቁ። የመጀመሪያው ገጽ ሽፋን ነው፦ ስም፣ የሥራ ቦታ፣ መግለጫው የትኛውን ጊዜ እንደሚሸፍን። ከሥር ፊርማ አለ። የሚፈረመው ውሸት ከሆነ በሐሰት ምስክርነት እንደሚያስጠይቅ ታውቆ ነው። ከሽፋኑ በኋላ በፊደል የተለዩ ገጾች ይመጣሉ። ለአክሲዮን፣ 10 በመቶና ከዚያ በላይ ድርሻ ለያዘበት ድርጅት፣ ለቤትና ለመሬት፣ ለደመወዝና ለብድር፣ ለስጦታ፣ እንዲሁም ሌላ ሰው ወጪውን ለሸፈነለት ጉዞ።

የመሬቱን ገጽ ብቻ እንውሰድ። ተመራጩ አድራሻውን ወይም የይዞታውን መለያ ቁጥር ይጽፋል። ከተማው ውስጥ ያለው ብቻ ሳይሆን ከከተማው ወሰን እስከ ሁለት ማይል ድረስ ያለውም ይካተታል። ይህቺ ሁለት ማይል ብልህ ናት። ከተማ ወደ ዳር ስለሚሰፋ የዛሬው ውጭ የነገው ውስጥ ነው። መሬቱን የሚያከራይና የ10 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ባለድርሻ ከሆነ 10,000 ዶላርና ከዚያ በላይ የከፈለውን ተከራይ በስም ይጽፋል። ተከራዩ ነገ ከከተማው ጋር ጨረታ የሚወዳደር ኩባንያ ቢሆንስ? ለዚያ ነው።

ዋጋው ጋ ስትደርሱ ግን ቁጥር የለም። ሳጥን ነው ያለው። ከ2,000 እስከ 10,000 ዶላር፣ ከ10,001 እስከ 100,000፣ ከ100,001 እስከ 1 ሚሊዮን፣ ከ1 ሚሊዮን በላይ። ተመራጩ አንዱ ላይ ምልክት ያደርጋል። ስለዚህ 120,000 ዶላር የነበረው መሬት 950,000 ቢገባ ምልክቱ ከዓመት ዓመት እዚያው ሳጥን ውስጥ ነው። ፎርሙ ላይ ምንም አልተለወጠም። የሚኖርበት ቤትም፣ ለመኖሪያ ብቻ እስከሆነ ድረስ፣ አይመዘገብም። የፈለገውን ያህል ቪላ ይሁን።

ሰው እዚህ ላይ ይናደዳል። "ታዲያ ይሄ ምኑ ማሳወቅ ነው?" ይላል። ንዴቱ የሚመጣው ከሁለተኛው ዓይነት ፎርም የአንደኛውን ሥራ ከመጠበቅ ነው። ፎርም 700 ተመራጩ ምን ያህል ሀብታም እንደሆነ ሊነግራችሁ አልተዘጋጀም። ነገ በየትኛው አጀንዳ ላይ እጁን ማውጣት እንደሌለበት ይነግራችኋል። ለመጀመሪያው ምሳሌያችን ይህ ይበቃል፤ የሚስቱ መሬት ይወጣል። ጉቦ ለመያዝ ግን አይበቃም።

ሰነዱን ማን እንዴት ሊያየው ይችላል ወደሚለው እንምጣ። "ለሕዝብ ክፍት ነው" የሚለው ሐረግ ብዙ ነገር ይሸፍናል። ድረ ገጽ ላይ ተጭኖ ማንም ማታ ቤቱ ሆኖ የሚያነበው አለ። ቢሮ ሄዶ የሚጠየቅ አለ። ማመልከቻ ተጽፎ፣ ምክንያት ተሰጥቶ፣ ቀጠሮ ተይዞ የሚታይም አለ። ሦስቱም በሕግ ቋንቋ "ክፍት" ናቸው።

በትንሽ ከተማ በመካከላቸው ያለው ርቀት ትልቅ ነው። መዝገቡን የያዘችው ሠራተኛ ተመራጩን ታውቀዋለች። እናንተንም ታውቃችኋለች። ጠዋት ፎርሙን ስትጠይቁ ከሰዓት እሱ ጆሮ ይደርሳል። የግንባታ ፈቃድ ማመልከቻችሁ ደግሞ እሱ ፊት ነው ያለው። እንዲህ ሆኖ ማን ይጠይቃል? የካሊፎርኒያ ሕግ ይህን የገባው ይመስላል። ሰነዱ ከገባ ቢዘገይ በሁለተኛው የሥራ ቀን ለማንም መታየት አለበት፤ ምንም ዓይነት ቅድመ ሁኔታ ማስቀመጥም ሆነ መታወቂያ መጠየቅ ክልክል ነው ይላል። ኮፒውም በገጽ ከ10 ሳንቲም በላይ አይከፈልበትም። በዚያው አገር የፌዴራል ባለሥልጣናትን መግለጫ ለማግኘት የሚያመለክት ሰው ግን ስሙን፣ ሥራውንና አድራሻውን በጽሑፍ ይሰጣል። የሩቁ ባለሥልጣን ላይ ስም መስጠት ብዙ አያስፈራም ይሆናል። ለጎረቤት ተመራጭ ሲሆን ግን ስም አለመጠየቁ ከፎርሙ ይዘት ያላነሰ ዋጋ አለው።

የፈረንሳይ አሠራር ደግሞ ፈገግ ያሰኛል። የፓርላማ አባላትን የንብረት መግለጫ ማየት የሚችለው በመራጭነት የተመዘገበ ሰው ነው፤ የሚያየውም በየአካባቢው ባለው የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ተገኝቶ ነው። ያየውን ማተም ወይም ማሰራጨት እስከ 45,000 ዩሮ ያስቀጣል። አንብብ፣ ግን አትንገር። ከ20,000 ሰው በላይ ባላቸው ከተሞች ከንቲባ የሆኑትም የንብረት መግለጫ ያስገባሉ፤ እሱ ለሕዝብ አይወጣም። ድረ ገጽ ላይ የሚወጣው የጥቅም መግለጫቸው ነው።

ተመራጮች የሚያነሱት መከራከሪያ ሁሉ ማምለጫ ነው ማለት አይደለም። "ቤቴ የት እንደሆነ ሁሉም ሰው ካወቀ ልጆቼስ?" የሚለው ጥያቄ እውነተኛ ነው። የምክር ቤት አባል ጠባቂ የለውም። የእንግሊዙ ሕግ ለዚህ መውጫ አስቀምጧል። መረጃው ቢወጣ አባሉን ወይም የቅርብ ሰዎቹን ለጥቃት ወይም ለማስፈራሪያ ያጋልጣል ተብሎ ከታመነ፣ ጥቅም እንዳለው ይገለጻል፣ ዝርዝሩ ግን ይያዛል።

ፖላንድ በሌላ መንገድ ሄዳለች። የአካባቢ ተመራጮች መግለጫ በሁለት ክፍል ይሞላል። የመጀመሪያው ክፍል ኢንተርኔት ላይ ይወጣል። የመኖሪያ አድራሻና ንብረቱ የሚገኝበት ቦታ ያለበት ሁለተኛው ክፍል ተዘግቶ ይቀመጣል። ለደኅንነት ጥሩ ነው። ግን ልብ በሉ፤ የመነሻችን ተመራጭ ፖላንድ ቢሆን ኖሮ መሬት እንዳለው እናውቃለን፣ የት እንደሆነ ግን አናውቅም። ለመሬት አጠቃቀም ውሳኔ ደግሞ ዋናው ቦታው ነው። መኖሪያ ቤቱን ደብቆ የቀረውን መሬት ማሳየት የተሻለ ይመስለኛል።

የዚያው አገር አንድ የአካባቢ ምክር ቤት አባል ይህም በዝቶበት ነበር። መግለጫዬ ኢንተርኔት ላይ መውጣቱ የግል ሕይወቴን ይጥሳል ብሎ እስከ አውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ሄደ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2005 አቤቱታውን አልተቀበለም። ሕዝቡ የአካባቢው ፖለቲካ ግልጽ መሆኑን የማረጋገጥ ተገቢ ጥቅም አለው አለ። ሕዝብ የማያየው ከሆነ የማሳወቅ ግዴታው ራሱ ፍሬ አይኖረውም የሚል መንፈስ ያለው ውሳኔ ነው።

ከአሥራ ሰባት ዓመት በኋላ ሌላ ፍርድ ቤት ገደብ አበጀ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2022 የሊቱዌንያን ጉዳይ አየ። ጉዳዩ የሕዝብ ገንዘብ የሚያገኝ ተቋም ኃላፊን የሚመለከት ነበር። የትዳር አጋርን ስም ለይቶ ኢንተርኔት ላይ ማውጣት የሰውየውን የፍቅር ዝንባሌ ሳይቀር ሊያጋልጥ ስለሚችል ከሚያስፈልገው በላይ ነው አለ። ሁለቱን ውሳኔዎች አብራችሁ ስታነቧቸው እርስ በርስ አይጣሉም። ጥቅሙ ይውጣ፣ የቤተሰቡ ገመና አይውጣ ነው ነገሩ።

የተከፈተ መዝገብ ተከፍቶ የሚኖር ከመሰላችሁ ደግሞ ዩክሬንን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ2016 የአካባቢ ምክር ቤት አባላትን ጭምር የሚያካትት የኤሌክትሮኒክ መዝገብ ለሕዝብ ከፈቱ። ባለሥልጣናት ቤታቸው ያስቀመጡትን የጥሬ ገንዘብ ክምር ሲያሳውቁ አገር ጉድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ የሥርዓቱን ዋና ዋና ክፍሎች ሻረ፤ ተጠገነ። እ.ኤ.አ. በ2022 ጦርነቱ ሲጀምር መዝገቡ ለደኅንነት ሲባል ተዘጋ። በ2023 መስከረም ላይ ፓርላማው ማሳወቁ ይመለስ፣ ለሕዝብ መከፈቱ ግን ለአንድ ዓመት ይቆይ ብሎ ወሰነ። ሕዝቡ አላለፈውም፤ የተቃውሞ ፊርማው በአጭር ጊዜ ከ80,000 በላይ ደረሰ። ፕሬዚዳንቱ ሕጉን መለሱት፣ ፓርላማውም በዚያው ወር ሐሳቡን ቀየረ። መዝገቡ በታኅሣሥ እንደገና ተከፈተ።

በተግባር ፎርሙ እጃችሁ ቢገባ ከምን ትጀምራላችሁ? ብዙ ሰው ንብረቱን ይደምራል። ድካም ነው። ይልቅ የምክር ቤቱን ያለፈ ዓመት ቃለ ጉባኤ አጠገቡ አስቀምጡ። ፎርሙ ላይ ያለ እያንዳንዱ ስም፣ አሠሪ፣ ተከራይ፣ አበዳሪ፣ ስጦታ ሰጪ፣ ቃለ ጉባኤው ውስጥ አለ ወይ? ካለ፣ ተመራጩ በዚያ ቀን ከውይይቱ ወጥቷል ወይስ ድምፅ ሰጥቷል? ከወጣ ሥርዓቱ ሠርቷል ማለት ነው፤ ሰውየውን ማመስገን ቢያንስ እንጂ አይበዛም። ድምፅ ከሰጠ ደግሞ ጥያቄ አላችሁ። ጥያቄ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። ፈቃድ ተሰጥቶት ይሆናል።

ባዶ ፎርምም ይነበባል። ፎርም 700 ላይ "የሚመዘገብ ጥቅም የለኝም" የሚል ሳጥን አለ። እሷ ላይ ምልክት ተደርጎ ሽፋኑ ብቻ ይገባል። ጡረታ ለሚኖር ሰው እውነት ሊሆን ይችላል። ማታ ማታ ምክር ቤት፣ ቀን ቀን ቤት ማሻሻጥ ለሚሠራ ሰው ግን እንዴት ሆኖ?

በመጨረሻ ቀኖቹን እዩ። ፎርም ይሻሻላል፤ ሰው ረስቶ ሊሆን ስለሚችል ማስተካከል ይፈቀድለታል። ማሻሻያው የገባበት ቀን ግን አብሮ ይመዘገባል። ተመራጩ ድምፅ ከመስጠቱ በፊት አስተካክሎ ከሆነ አንድ ነገር ነው። ጥያቄ በተነሳ በሳምንቱ "ረስቼው ነበር" ብሎ አስገብቶ ከሆነ ሌላ ነው። የመጀመሪያውንና የተሻሻለውን ሁለቱንም ጠይቁ።